ወረርሽኝ ሲመጣ የገጠሯ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምን ይገጥማታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮሮና አገራችን በገባበት በ2012 ዓ.ም. ደጋ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። በጤና ጣቢያው ሥር አምስት ጤና ኬላዎች ነበሩ። እነሱን መደገፍ የኔ ድርሻ ነበር። ስለዚያ ጊዜ በተነሳ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝ ይመሳሰላል። አንዳንዱ የጤና ተማሪ ነው። አንዳንዱ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እናቱ ገጠር ያሉበት ሰው ነው። መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማለት ነርስ ናት?

አይደለችም። ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመለመሉ። አንድ ዓመት ሠለጠኑ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። አንድ ቀበሌ እስከ 5,000 ሰው ይኖርበታል። መሥሪያ ቤታቸው ጤና ኬላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ክፍል ያላት ቤት ናት። የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። በኋላ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ቀጥለው ደረጃ አራት (ዲፕሎማ) ደርሰዋል።

መጀመሪያ ሥራቸው በዋናነት ማስተማር ነበር። መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ እጅ ማስታጠብ፣ አጎበር በትክክል ማሰቀል። ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድም ነበረበት። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ወባ ማከም ጀመሩ።

በ1992 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሁሉም የነሱ ሥራ ነው አልልም። ግን በየጎጡ በእግሯ የምትዞር ሴት ባትኖር ይህ ለውጥ አይታሰብም።

ወረርሽኝ ሲገባ ምን ይጨመርባታል?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በነዚህ ሳምንታት ውስጥ የጤና ኬላዋ ባለሙያ አዲስ ሥራ በላይ በላዩ ተጫነባት።

ቤት ለቤት ዞራ ስለ በሽታው ትናገራለች። ከውጭ አገርም ሆነ ከከተማ የገባውን ሰው ትመዘግባለች። ሙቀት ትለካለች። የተመዘገበውን 14 ቀን ትከታተላለች። የቀበሌው ግብረ ኃይል ሲሰበሰብ ትገኛለች። ማታ ደግሞ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ሪፖርት ትደውላለች።

ያኔ ወደ ገጠር የሚገባው ሰው ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ተማሪው ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። ከሳዑዲ፣ ከሊባኖስ፣ ከሱዳን፣ ከጅቡቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ተመለሱ። ለይቶ ማቆያ ቆይተው የሚመጡ ነበሩ። በመተማ በኩል በእግራቸው አቋርጠው በሌሊት ቤታቸው የሚገቡም ነበሩ። የመጣውን ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ የሚነግረው ለሷ ነው።

ልብ በሉ፤ ሥራ ተጨመረ እንጂ የተነሳላት ሥራ የለም። ሁለት ነበሩ፣ ሁለቱ ናቸው። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ከሆነች ደግሞ አንድ ብቻ ነች።

የዘወትሩ አገልግሎት ቆሞ ነበር?

በመመሪያ አልቆመም። እንዲያውም እንዲቀጥል ነበር የታዘዘው። መሬት ላይ ግን ሳሳ። እንዴት እንደሳሳ በአንድ ነገር ላሳያችሁ።

የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዱ ለአሥር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ ባለሙያዋ እናቶችን በአንድ ቀን ትቀጥራለች። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ልጅ ሲሰበሰብ ብልቃጡን ትከፍታለች። ይህ ለዓመታት የተለመደ አሠራር ነው።

አዋጁ ሲመጣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሕክምና አገልግሎት ለብቻው ነው ብሎ የሚያስረዳ ሰው በየቀበሌው አልነበረም። ሚሊሻው አራት ቁጥርን ነው የሚያውቀው። እናቶችም ሰው የበዛበት ቦታ ፈሩ። በክትባት ቀን ሦስት ልጅ መጣ። አሁን ምን ታድርግ? ብልቃጡን ከፍታ ሰባቱን ትጣል? እናቶቹን በሚቀጥለው ሳምንት ኑ ትበላቸው? ከሦስቱ አንዷ የመጣችው ሁለት ሰዓት ተጉዛ ነው። ሁለተኛ ጊዜ እንደማትመጣ ባለሙያዋ ታውቃለች።

እኛ ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ እንል ነበር። እሷ ግን የክትባት ብክነት ሪፖርት ላይ የምትጠየቀው ራሷ መሆኗንም ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ብቻዋን፣ በየሳምንቱ ትወስን ነበር።

የኩፍኝ ዘመቻው ለምን ተላለፈ? በኋላስ ተካሄደ?

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ታስቦ የነበረው አገር አቀፍ ዘመቻ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። በዓለም ደረጃም የጅምላ ክትባት ዘመቻዎች ለጊዜው እንዲቆዩ ተመክሮ ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያ ብዙ አልጠበቀችም። ዘመቻው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ተካሄደ። ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከተቡ። በክረምት፣ በጭቃ፣ ማስክ አድርገው፣ ሰልፉን አራርቀው። ኩፍኝ ከኮሮና ይበልጥ ለልጆች አደገኛ መሆኑን አስበው ያስጀመሩት ሰዎች ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የሠሩትን ሴቶች ደግሞ በየጎጡ አይቻቸዋለሁ።

እርጉዝ እናቶችስ?

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

በወር አንዴ የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ የሚባል አለ። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ሞቅ ያለ ነው። እናቶች ጤና ኬላው ግቢ ይሰበሰባሉ። ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል። አዋላጅ ነርስ ከጤና ጣቢያ ትመጣለች። ደም መፍሰስ፣ ራስ ምታት፣ የእግር እብጠት ምን እንደሚያመለክት ይወራል። የወለደችው ላልወለደችው ትነግራለች። ባሎችና አማቶችም አንዳንዴ ይመጣሉ። ብዙ እናት ጤና ተቋም ለመውለድ የምትወስነው እዚያ፣ ሲኒ ይዛ ነው።

ይህ ኮንፈረንስ ነው የቀረው። ሲቀር ድምፅ አልነበረውም። ማንም ተዘጋ ብሎ አላወጀም። ብቻ በሚያዝያ አልተካሄደም፣ በግንቦትም አልተካሄደም።

አምቡላንሱም አለ። የወረዳው አምቡላንስ አንድ ወይም ሁለት ናት። ኮሮና ሲመጣ የተጠረጠረ ሰው ማመላለስ ተጨመረባት። አንዲት ምጥ የያዛት እናት ቤት ሆና ሲደወል፣ መኪናዋ ተጠርጣሪ ይዛ ሄዳለች፣ ስትመለስም ኬሚካል ትረጫለች ይባላል። የሕዝብ ትራንስፖርቱ በግማሽ ሰው እንዲጭን ስለተደረገ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ቃሬዛው እንኳ ችግር ገጠመው። ምጥ የያዛትን ሴት የሚሸከሙት የሰፈሩ ጎረምሶች ናቸው። ስምንት፣ አሥር ሆነው ይፈራረቃሉ። ያኔ ግን ተሰብስቦ መሄድ ያስፈራ ነበር።

በአገራችን ጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ1992 ዓ.ም. ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ደርሰዋል። ሃያ ዓመት በየቤቱ እየተለመነ የመጣ ቁጥር ነው። አንድ ሁለት ወር ዝም ከተባለ ሰው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መመለሱ ከመምጣቱ በጣም ይቀላል።

ሰው ለምን ፈራት? የሚያውቃት ሰው አይደለችም እንዴ?

በግንቦት ከአንዷ ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት ወጣሁ። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ እናትየዋ ከአጥሩ ውስጥ ሆና፣ «ደህና ነን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። በሩን አልከፈተችም። ልጇ የአሥር ሳምንት ክትባቱ ደርሷል። ባለሙያዋ ያንን ልጅ በተወለደ በሁለተኛው ቀን መዝናዋለች። «እኔ ነኝ እኮ፣ እቴ» አለቻት። እናትየዋ ትንሽ ዝም ብላ፣ «አንቺንማ መች አጣሁሽ፤ ካንቺ ጋራ የመጣውን ነው የፈራሁ» አለች። ከሷ ጋር የመጣነው እኔና በእጄ የያዝኩት ሙቀት መለኪያ ነበርን።

ያ ሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ ሲደቀን ሽጉጥ ይመስላል። ቀይ መብራት አለው። ልጅ ያለቅሳል። ማስኩ ደግሞ ፊቷን ሸፈነው። በዚያ ላይ ሰላምታው አለ። በገጠር ሰላምታ ማለት እጅ መጨበጥ፣ ጉንጭ ደጋግሞ መሳም፣ ከብቱን ሳይቀር መጠየቅ ነው። አዋጁ መጨባበጥን ከለከለ። የትናንቷ ልጃቸው ዛሬ ከሩቅ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ ስታደርግ ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው። ኮራች አሉ። ባለሙያዋ ያን ቀን ማታ ስታወራኝ እንባዋ መጣ።

ሌላም ምክንያት ነበረ። ያስመዘገበችው ሰው ለይቶ ማቆያ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ለሷ መናገር ማለት ዘመድን አሳልፎ መስጠት መሰለ። ከከተማ የመጣ ልጁን ጎተራ ውስጥ የደበቀ አባት አውቃለሁ። የሷ ሥራ በሙሉ የቆመው ሰው በሩን ስለሚከፍትላት ነው። መድኃኒቷ ትንሽ ነው፣ መሣሪያዋ ትንሽ ነው። ዋናው ሀብቷ የበሩ መከፈት ነው። ወረርሽኝ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። መዝጋቢና ተቆጣጣሪ ስናደርጋት እኛም አብረን ነካነው።

ማስክና ጓንት ነበራት?

መጀመሪያ ላይ አልነበራትም። የመጣው ትንሽ ማስክ ለሆስፒታልና ለለይቶ ማቆያ ቅድሚያ ተሰጠ። ምክንያቱ ይገባኛል። ጤና ኬላ ግን የወረፋው መጨረሻ ነበር። አንዷ ባለሙያ ከነጠላ ጨርቅ በእጇ ሰፍታ ታደርግ ነበር። ማታ ታጥባ ምድጃ አጠገብ ታሰጣዋለች። ጠዋት ጭስ ጭስ ይሸታል።

ውሃም አለ። ብዙ ጤና ኬላ የቧንቧ ውሃ የለውም። ሕዝቡን እጅ ታጠቡ የምትል ሴት ራሷ በቢጫ ጀሪካን ከምንጭ ታስቀዳለች። ጀሪካኑን ከታች በስታ፣ ቀዳዳውን በእንጨት ወትፋ፣ ከበሩ ጎን ትሰቅለዋለች። እንጨቱን ሳብ፣ ታጠብ፣ መልሰህ ወትፍ። ይህን ዘዴ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት በየቤቱ ያስተማረችው እሷ ናት።

ቤቷስ? ለራሷ ቤተሰብ አትፈራም?

ትፈራለች እንጂ። አብዛኞቹ ትናንሽ ልጆች አሏቸው። ማታ ቤት ስትገባ ልጇ ሮጦ ይጠመጠምባታል። ልብሷን ውጭ አውልቃ፣ ታጥባ እስክትገባ ልጇን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። አከራይዋ ቤት ልቀቂ ያለቻት ባለሙያ ነበረች። በአማቷ የተነሳ ወርቋን ሸጣ ሌላ ክፍል የተከራየችም አለች። እነዚህ ነገሮች ሪፖርት ላይ አይገቡም።

ስልክ ቤት ለቤት ጉብኝትን ይተካል?

በከተማ ምናልባት። በገጠር ስልኩ የባልየው ነው። ባልየው ደግሞ ማሳ ላይ ወይ ገበያ ነው። የእርግዝና ነገር በሱ በኩል አይጠየቅም።

ተጨማሪ ክፍያ ይከፈላቸው ነበር?

ለኮሮና ሥራ ከተመደበው አበል አብዛኛው የሚሄደው በሕክምና ማዕከልና በለይቶ ማቆያ ለሚሠሩ ነበር። ጤና ኬላ ላይ ያለችው ብዙ ጊዜ የዘወትር ደመወዟን ይዛ ነው የሠራችው።

ከሷም በታች ሌሎች አሉ። በየጎጡ የሴቶች ልማት ቡድን መሪ የሚባሉ እናቶች አሉ፤ አንድ ለአምስት እየተባለ የሚታወቀው አደረጃጀት ማለት ነው። ምንም አይከፈላቸውም። በወረርሽኙ ጊዜ ማን መጣ፣ ማን አመመው፣ ማን ልትወልድ ነው የሚለውን የሚያመጡት እነሱ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንደ ሥራቸው ሊከፈላቸው ይገባል ብሏል። እኔም እንደዚያ አምናለሁ። የእርሻና የማጀት ሥራዋን ትታ ስትዞር የምትውል እናት ቢያንስ የድካሟ ልታገኝ ይገባል።

ኮሮና ገጠር ላይ ያን ያህል ሰው አልገደለም። ታዲያ ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። በአገር ደረጃ የተመዘገበው ታማሚ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ነው፤ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 ትንሽ ይበልጣል። ምርመራው ደግሞ ገጠር በደንብ አልደረሰም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ሞት ነው። ሳል ያለበት ልጅ ትንፋሹ ይቆጠራል፤ ፈጣን ከሆነ የሳንባ ምች ነው ተብሎ አሞክሳሲሊን ይጀመርለታል። በዚያ ዓመት ግን ሳል አስፈሪ ቃል ሆነ። ሳለ የተባለ ሰው ይገለላል። ስለዚህ እናት ልጇ ሲያስል ደብቃ ትይዘዋለች። አዋቂውም ያስላል፣ ይደብቃል፤ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ውስጥ እያለ ሌላውን ይይዛል። ይህ በየዕለቱ በቴሌቪዥን በሚነበበው ቁጥር ውስጥ አይገባም።

የምዕራብ አፍሪካው ኢቦላ ይህን ቀደም ብሎ አሳይቶን ነበር። ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው ሞተ። ከዚህ ሌላ ሰው ክሊኒክ መሄድ ስለፈራ በወባ፣ በወሊድና በኩፍኝ የሞተው ብዙ ነው። የጤና ሠራተኞችም በመቶዎች ሞቱ። ለሕዝቡ የቀረበው ሠራተኛ መጀመሪያ ይያዛል።

በሌሎች አገሮችስ እንዲህ ነበር?

በጣም ይመሳሰላል። ህንድ ውስጥ አሻ የሚባሉ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የገጠር ሴት ጤና ሠራተኞች አሉ። ቋሚ ደመወዝ የላቸውም፤ በሠሩት ልክ ነው የሚከፈላቸው። በኮሮና ጊዜ ቤት ለቤት ሲዞሩ ተሰድበዋል፣ ተመትተዋልም። በ2020 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት መከላከያ ቁሳቁስና ክፍያ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሸልሟቸዋል። የኛዎቹ ቢያንስ የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸው ትልቅ ልዩነት ነው።

ወሬው እንዴት ነበር? እሷስ እንዴት ትመልስ ነበር?

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና ሎሚ በአንድ ሰሞን ዋጋቸው ናረ። ሽማግሌዎች የኅዳር በሽታን አነሱ። በ1911 ዓ.ም. የገባው ያ ወረርሽኝ ከመቶ ዓመት በኋላም አልተረሳም፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ የሚታጠነው ከሱ የተነሳ ነው። እናም መንደሩ ሁሉ እጣን አጨሰ።

ጎበዝ ባለሙያ ይህን አልተቃወመችም። «እማማ፣ እጣኑን አጭሱ፤ ግን እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ» ትል ነበር። ፌጦውን አትከለክልም። ለሷ ትልቁ ችግር ከሩቅ የሚመጣው ወሬ ነበር። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ያለ ልጅ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ክትባት የሚባል ነገር እንዳታስነኪ» ሲል ለአሥር ዓመት የገነባችው በአንድ ስልክ ይፈርሳል። ልጁ ስለሚወዳት ነው የሚደውለው። እናት ደግሞ ልጇን ነው የምታምነው።

የኮሮና ክትባት በየካቲት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ሲገባ ይህ ገንፍሎ ወጣ። መጀመሪያ የተከተቡት ጤና ሠራተኞች ናቸው። ባለሙያዋ ራሷ በልቧ እየፈራች፣ ሕዝቡ እያያት ክንዷን ገለጠች። አንዳንድ ሰው ሁለት ሳምንት ጠብቆ፣ አለመሞቷን አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሥጋቱ ወደ ሕፃናት ክትባት ተሻገረ። «ይሄ የልጆቹ ነው ወይስ ያ?» የሚል ጥያቄ በየበሩ ነበር። ለእናቶቹ ብልቃጡን ማሳየት፣ ስሙን ማንበብ፣ ታላቅ ወንድሙም ይህንኑ እንደወሰደ ማስታወስ ነበረባት።

አርብቶ አደር አካባቢና ጦርነት ያለበት ቦታስ?

እኔ የሠራሁት ደጋ ነው። በአፋርና በሶማሌ ግን ቤቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ በዚያ ዓመት የበረሃ አንበጣም ነበረ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ኬላዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። እነዚያ ባለሙያዎች ሁለቱን በአንድ ላይ ነው የተሸከሙት። ይህ ለብቻው መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

የሠራ ነገር አልነበረም?

ነበረ። ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

እናቶች የልጃቸውን ክንድ ራሳቸው እንዲለኩ ተደረገ። ቀጭን ባለ ቀለም ሜትር ነው። አረንጓዴ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ ወደ ጤና ኬላ። ባለሙያዋ ልጁን ሳትነካው ከሁለት ሜትር ርቃ ቆማ ታሳያለች። አንዲት ማንበብ የማትችል እናት በሁለተኛው ሙከራ በትክክል ለካች። ከዚያ የጎረቤቷን ልጅ ለካች። ከዚያ የእህቷን። በሳምንቱ ሦስት ልጆች ቀይ ናቸው ብላ ይዛ መጣች፤ ሦስቱም ቀይ ነበሩ። ያቺ ሜትር እስካሁን ቤቷ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላለች።

የክትባቱ ቦታ ከክፍል ወጥቶ ዛፍ ሥር ሆነ። ሰዓቱ ተከፋፈለ፤ የላይኛው ጎጥ ጠዋት፣ የታችኛው ከሰዓት። የቤተሰብ ዕቅድ ክኒን ለምትወስድ የሦስት ወር በአንዴ ተሰጣት። ቀሳውስትና የእድር ዳኞች ለቅሶ ላይ ስለ ርቀት ተናገሩ። ለቅሶ ላይ እሷ ብትናገር ማንም አይሰማትም ነበር፤ እነሱ ሲሉት ግን ሰው ተቀመጠ፣ ተራራቀ።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ከሁሉ በፊት ምን መደረግ አለበት?

በ2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ ላይ እንደ ኢቦላ ያለ ገዳይ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ ተገኝቷል። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አይደለም።

ለኔ ከሁሉ የሚቀድመው ሰውን አሳልፎ የመስጠት ሥራ ከሷ ላይ እንዲነሳ ነው። ማን ወደ ለይቶ ማቆያ ይሂድ የሚለውን የወረዳው ቡድን ይያዘው። እሷ የታመመውን የምትጠይቅ፣ ምግብ ደረሰው ወይ የምትል ትሁን። ያኔ በሩ አይዘጋባትም።

ከዚያ የሳሙናና የማስክ ክምችት ጤና ኬላው ውስጥ ቀድሞ ይቀመጥ። መንገድ ከተዘጋ በኋላ መላክ ከባድ ነው። ለሁለቱ ሴቶች ሦስተኛ ሰው ይጨመርላቸው፤ ለወረርሽኙ ጊዜ ብቻም ቢሆን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። ምዝገባውን እነሱ ሊረዱ ይችሉ ነበር። የእናቶች ኮንፈረንስም አይቅር። አምስት አምስት ሆነው፣ በየጎጡ፣ ደጅ ላይ ይሁን። ቡናው አይቅር።

ቤተሰቤ ገጠር ነው፤ እኔ ከተማ (ወይም ውጭ አገር) ነኝ። ምን ላድርግ?

ስትደውሉ ስለ ባለሙያዋ ጠይቁ። ስሟን እወቁ። እናታችሁ ስለ ክትባት ግራ ከገባቸው፣ «እስቲ እሷን ጠይቂያት» በሉ። ያ አንድ ቃል ለሷ ትልቅ ድጋፍ ነው። ገንዘብ ስትልኩ ለሳሙናም አስቡ።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ካርዱ የት እንዳለ ጠይቁ። ብዙ ቤት በፌስታል ተጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር ይሸጎጣል። አውርደው ያንብቡላችሁ። ስድስት ሳምንት፣ አሥር ሳምንት፣ አሥራ አራት ሳምንት፣ ዘጠኝ ወር፣ አሥራ አምስት ወር። አንዱ ካመለጠ እናትየዋ ቀኑ አልፎብኛል ብላ አትፍራ፣ አትቅርም። ካርዱን ይዛ ትሂድ። ያለፈውም ይሰጣል።